የአዋሽ ተፋሰስ በቤርናትስ የሥዕል መጽሐፍ

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የወንዝና የሸለቆ ሥዕሎችን በታላላቅ መጻሕፍት አትሞ ማውጣት በአውሮፓ የተለመደ ሥራ ነበር። አገራችንም ከዚህ አልቀረችም፤ ሄንሪ ሶልት በ1809 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ ካሳተማቸው ሃያ አራት ሥዕሎች መካከል የትግራይ ቦታዎች ይገኛሉ። እኛ የምንመረምረው ግን የጀርመናዊውን የዮሐን ማርቲን ቤርናትስን መጽሐፍ ነው፤ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ፥ አባ ሳሙኤል ላይ ከታላቁ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ውሃውን የሚያስረክበው ቤርናትስ ለተሻገረው ለአዋሽ ነውና።

ቤርናትስ ወደ ሸዋ የመጣው፥ በ1841 ከቦምቤይ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከውና ሻምበል ሃሪስ ይመራው የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ሠዓሊ ሆኖ ነው። መጽሐፉ በ1852 በሁለት ክፍል ወጣ፤ አንደኛው የአፋርን ቆላ፥ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ያሳያል። ኅትመቱ በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚወጣው ዓይነት ነው።

በእኛ አስተያየት የሚበልጠው የቆላው ክፍል ነው። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጨው ተከቦ የሚገኝ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ስፍራ ከአውሮፓ ተምሮ ያመጣው ምሳሌ አልነበረውምና ሠዓሊው ያየውን ከመሣል በቀር ምርጫ አልነበረውም። ደጋ ሲወጣ ግን ገዢዎቹ የሚያውቁት ተራራና ሸለቆ ይመጣል፤ እጁም ይለምዳል።

ሌላም ጉድለት አለ፤ ይህ የቤርናትስ ብቻ አይደለም። ሥዕል የአንድ ቀን ውሃ ነው። በግንቦት ልጆች በድንጋይ ላይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ትንሹ አቃቂ በነሐሴ ደፍርሶ ሲያጓራ ያየ ሰው፥ ከሁለቱ የትኛው ወንዙ እንደሆነ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? ደግሞም ሃሪስ በ1844 ባሳተመው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ የንጉሡ ዘመቻ እስከ ፊንፊኔ ሸለቆ መድረሱን፥ ቤት መቃጠሉንና ከብት መነዳቱን ይተርካል። ስለዚህ የሥዕሉን መጽሐፍ ብቻውን የሚገልጥ ተማሪ ለምለሙን መሬት አይቶ የባለ መሬቱን ዕጣ ሳያውቅ ይቀራል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ግድ ነው።

ይህ ነገር የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2019 ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር፥ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻ እንዲለማ ታቅዶ ነበር። የወደፊቱን ዳርቻ የሚያሳዩ ሥዕሎች ሁሉ፥ እንደ ቤርናትስ ዘመን ሥዕሎች፥ ውሃውን ጥርት አድርገው ያቀርባሉ። ትንሹ አቃቂ ግን የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የሚሸከም ወንዝ ነው፤ ሽታውንም ማንም ሠዓሊ አልሣለውም። ከታች ያለ ገበሬ በዚሁ ውሃ አትክልት ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል።

ስለዚህ የሥነ ሥዕልና የጂኦግራፊ ተማሪዎች አንድ ቦታ፥ ለምሳሌ ከኮልፌ ድልድዮች አንዱን መርጠው፥ በዓመት አራት ጊዜ ከዚያው ስፍራ ወንዙን እንዲሥሉ፥ ከሥዕሉ ሥርም የውሃውን ከፍታና ቀለም፥ እዚያ የሚያጥቡትንና የሚያጠጡትን ሰዎች ቁጥር እንዲጽፉ እናሳስባለን። የመጀመሪያው ሥዕል ክረምቱ ሳይገባ ቢሠራ ይመረጣል።