ደካማዋን መስመር መለካት

በከዋክብት መካከል የተበተነው ስስ ደመና ለዓይን አይታይም። የምናውቀው ከጀርባው ያለ ኮከብ ብርሃን ሲያልፍበት በስፔክትረሙ ላይ በሚተዋቸው ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ነው። ለዚህ ሥራ ከዜታ ኦፊዩኪ የሚሻል ኮከብ የለም ባይ ነኝ። በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሽከረከር የራሱ መስመሮች ሰፍተው ደብዝዘዋል፤ የደመናው ግን ጠባብና ሹል ሆነው ይለያሉ።

የሁለቱን የካርቦን ዓይነቶች፣ የካርቦን 12 እና የካርቦን 13ን ሬሾ ለማግኘት የምመርጠው ሲኤች ፕላስ የተባለውን ሞለኪውል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አድሏዊ ነው፤ በቅዝቃዜ ካርቦን 13ን ይሰበስባል፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ያንኑ ዓይነት ይበልጥ ያፈርስበታል። ሲኤች ፕላስ የሚፈጠረው ከፍተኛ ጉልበት በሚጠይቅ አጸግብሮት ስለሆነ ሁለቱን እኩል ያያል። ዋናው መስመሩ 4232.5 አንግስትሮም ላይ ነው። የካርቦን 13ቷ መስመር ሩብ አንግስትሮም ያህል ወደ ሰማያዊው ወገን ፈቀቅ ብላ ትገኛለች፤ ከኮከቡ ብርሃን አንድ በመቶ እንኳ አትወስድም።

ከባዱ ሥራ ከመስመሯ ግራና ቀኝ ያለውን ያልተነካ ብርሃን ደረጃ ማስመር ነው። እሱን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደረገ ሰው ሬሾውን ሳያውቀው ይለውጠዋል። የሴንሰሩ ፒክስሎች እኩል ስለማይሠሩ በመብራት ብርሃን እናስተካክላቸዋለን፤ ይህ ግን አይበቃም። ስፔክትረሙን በሴንሰሩ ላይ አንቀሳቅሼ ደግሜ አነሣለሁ። በስፔክትረሙ ላይ የታየው ጉድጓድ ከፒክስሉ ጋር ከቀረ የመሣሪያው ነው፤ ከሞገድ ርዝመቱ ጋር ከሄደ የሰማዩ ነው። ዋናው መስመርም ብርሃኑን በብዛት ስለሚውጥ መጠኑን ያሳንሳል፤ ስለዚህ 3957.7 ላይ ካለው ደካማ ወንድሙ ጋር አስተያየዋለሁ።

በፀሐይ አካባቢ ባሉ ደመናዎች ሬሾው ወደ 70 ይጠጋል፤ በምድር ላይ 89 ነው። የምድሩ ሬሾ ፀሐይ ስትወለድ የነበረው ነው። ፀሐይ ከተወለደች 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ከዋክብት ካርቦን 13 እያመረቱ ወደ ጠፈር ሲረጩ ቆይተዋል።

3874 አንግስትሮም አካባቢ ያሉት የሌላው ሞለኪውል፣ የሲኤን መስመሮችም የሚለኩት በዚሁ ጥንቃቄ ነው። ደመናው ስስ በመሆኑ ግጭት ጥቂት ነው፤ ሞለኪውሉን አነቃቅቶ የሚያሽከረክረው በዋናነት ጠፈርን የሞላው ጨረር ነው። አንድሪው ማክኬላር በ1941 ከዋልተር አዳምስ ስፔክትረሞች ለዚህ መሽከርከር 2.3 ኬልቪን የሙቀት መጠን አወጣ፤ ፔንዚያስና ዊልሰን ጨረሩን በ1965 ይፋ እስኪያደርጉ ድረስ ትርጉሙን ያስተዋለ አልነበረም። ዛሬ የጨረሩ ሙቀት 2.725 ኬልቪን ነው።

ወደዚህ ሙያ የምትመጡ ወጣቶች፣ ሬሾ ስታሳትሙ የብርሃኑን ደረጃ የት እንዳሰመራችሁ ከነስፔክትረሙ አሳዩን።