ኪነ ጥበባችን በዳጉ ሚዛን

ኪነ ጥበብ የሕዝብ ሕይወት መስታወት ናት ይባላል። ስለ አፋር ሕዝብ በተጻፉና በተሣሉ በርካታ ሥራዎች ውስጥ ግን ጎልቶ የሚታየው የተመልካቹ ፍርሃት ነው።

የማዕድን መሐንዲሱ ኔዝቢት በ1920 ዓ.ም. በረሃውን አቋርጦ የጻፈው መጽሐፍ በአሜሪካ ሲታተም ርእሱ ምድሪቱን «የፍጥረት ሲኦል» አሰኛት። በ1926 ዓ.ም. አዋሽን እስከሚሰወርበት የተከተለው እንግሊዛዊው ቴሲጀርም የግዳይን ልማድ ደጋግሞ ጻፈ። ሁለቱም ሕዝቡን «ዳናኪል» አሉት፤ እርሱ ግን ራሱን የሚጠራው አፋር ብሎ ነው።

ጥፋቱ የባዕዳን ብቻ አይደለም። በእኛም መድረክና ሸራ ላይ አፋር ጊሌውን ታጥቆ፣ ግመሉን አስከትሎ ያልፋል እንጂ አይናገርም። ጊሌው እውነት ነው፤ ጉድለቱ ባለጊሌው አንደበት ማጣቱ ነው።

አፋር ግን የንግግር ሥርዐት ባለቤት ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሰላም፣ ያዩትን ከሰሙት ለይተው ይነጋገራሉ። ሐሰት የጨመረ አመኔታ ያጣል። በጅቡቲ መንገድ ላይ ባለችው ሎጊያ የደጋው ሾፌርና የአፋሩ አርብቶ አደር ጎን ለጎን ይውላሉ። ሾፌሩ አፋርን አስቀድሞ ያወቀው በሥዕልና በዘፈን ከሆነ፣ የተሳሳተው ሥዕል ጎረቤትን ከጎረቤት ያራርቃል።

እንግዲህ ስለ አፋር የሚጽፍ ደራሲ በአፋር ሚዛን ይመዘን፦ ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን? ለዚህ መልስ የሌለው ሥራ፣ ቋንቋው ቢያምርም፣ አሉባልታ እንጂ ጥበብ አይባልም።