ዝም ያለ ሕፃን ተጽናና ማለት ነውን?

በለንደን በታቪስቶክ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ያወጣው ፊልም ስሙ «የሁለት ዓመት ልጅ ሐኪም ቤት ገባች» ማለት ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚታይበትም ነገር ላውራ የምትባል የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ ለእምብርቷ እብጠት ኦፐራሲዮን ስምንት ቀን መተኛቷ ብቻ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰምተህ እንዳትንቀው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ብዙዎቹ ሐኪም ቤቶች ወላጅ ልጁን እንዲጠይቅ የሚፈቅዱት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ተላላፊ በሽታ ይፈሩ ነበርና፤ ደግሞም እናት መጥታ ስትሄድ ሕፃኑ ያለቅሳል። ካልመጣች ግን ጥቂት ቀን አልቅሶ ዝም ይላል፤ ነርሶቹም «ለመደ» ይላሉ። ሮበርትሰን የተከራከረው ከዚህች «ለመደ» ከምትባል ቃል ጋር ነው። እሱ እንደ ተመለከተው ሕፃኑ መዠመሪያ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ በመጨረሻም ልቡን ከእናቱ ያርቃል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ሦስተኛው ሁኔታ ጤና ይመስላል።

ላውራ ብዙ የምታለቅስ ልጅ አይደለችም። አሻንጉሊቷን አቅፋ፣ ራሷን ገትታ፣ አልፎ አልፎ ብቻ እናቷን ትጠይቃለች። በመጨረሻው ቀን ግን ከሐኪም ቤት ስትወጣ የእናቷን እጅ አልይዝም ትላለች። ከፊልሙ ሁሉ እንደዚህ የከበደኝ ቦታ የለም። ሮበርትሰን ለቅሶውን መርጦ አነሣ እንዳይባል በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ያነሣ ነበር፤ የግድግዳውም ሰዓት ምስክር ሆኖ ይታያል። ይህን ሁሉ አድርጎ እንኳ በዚያው ዓመት በሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ሜዲስን ሲያሳይ ብዙዎቹ ሐኪሞች ተቆጡ፤ የሐኪም ቤቶችን ስም አጠፋህ አሉት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሕፃናቱን ከሞት ያድኑ ነበር። ነገር ግን ትኩሳት እንጂ ናፍቆት የሚለኩበት መሣሪያ አልነበራቸውም።

ጉድለትም አለበት። አንዲት ልጅ ስለ ልጆች ሁሉ ትመሰክራለች ማለት ይከብዳል። ይልቁንም ሮበርትሰንና ባልደረባው ጆን ቦልቢ ሸክሙን ሁሉ በእናት ላይ አሳረፉት፤ ማይክል ራተር በ1972 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ሕፃን ከሌላም ከሚያውቀው ሰው ጋር እንደሚተሳሰር አስረድቷል። መቸም እኛ «አስታማሚ» የሚል ቃል ስላለን ይህ አይገርመንም፤ አስታማሚ እናት ብቻ ሳትሆን አክስትም ጎረቤትም ናት።

በ1959 ዓ.ም. በሰር ሃሪ ፕላት የሚመራው ኮሚቴ ወላጆች በማናቸውም ሰዓት ልጃቸውን እንዲጠይቁ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናትም ጋር እናቶቻቸው እንዲያድሩ ለመንግሥት አሳብ አቀረበ፤ መንግሥትም ተቀበለው። ይሁን እንጂ ምክር እንጂ ግዴታ አልነበረምና ብዙ ሐኪም ቤቶች በአሮጌው ልማድ ቆዩ። በ1961 ዓ.ም. ጥቂት የለንደን እናቶች ማኅበር አቋቁመው፣ የተፈቀደው ነገር በእርግጥ ይፈጸም እንደ ሆነ በየሐኪም ቤቱ መጠየቅ ዠመሩ። ላውራ በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት አልፏት ነበር።