ፎርማት ያደረገውን አታመስግኑት

«እንደ አዲስ አደረገልኝ!» የሚል ምስጋና ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጎንደር አራዳ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ባለጉዳይ ተሰልፎ ማመልከቻ ሲያስጽፍ ኮምፒውተሩ ስታክ ያደርጋል። «ስቶፕድ ወርኪንግ» የሚል ሣጥን ይወጣል፣ የታችኛው መስመር ጠፍቶ ይመለሳል። ጥገና ቤት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ቶሎ ይነሣል፣ ስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ ፓወር ግዕዝም ተጭኖለታል። ባለቤቲቱ ለጠጋኙ ከፍላ መርቃ ትሸኘዋለች። ወር ሳይሞላ ያው ሣጥን ብቅ ይላል። አሁን ጥፋቱ የቫይረስ ይሆናል፤ ዳግመኛ ፎርማት ይደረጋል፤ ዳግመኛም ይመረቃል።

አቧራውን በብሎወር መንፋት፣ ቫይረስ መፈተሽ፣ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ማየት የተለማማጅ ሥራ ነውና አልፈዋለሁ። እኔን የሚከነክነኝ ሳይመረምሩ ፎርማት ማድረግ ነው። ምክንያቱን ሳይናገር ፎርማት ያደረገ ሰው ማስረጃ አጥፍቷል፤ ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ተከፍሎታል።

ዊንዶውስ ፕሮሰስ በሞተበት ቁጥር ይመዘግባል። መዝገቡ ኢቨንት ቪወር ይባላል፤ ለማየት ክፍያም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። አፕሊኬሽን በሚለው ክፍል ውስጥ ቁጥሩ 1000 የሆነውን ቀይ ምልክት ከፍታችሁ እዩት። የሞተው ፕሮግራም ስም አለ፤ ሲሞት እየሠራ የነበረው ሞጁል ስም አለ፤ የስሕተቱ ኮድ አለ። ኮዱ ረጅም ስለሆነ ያስፈራል እንጂ በብዛት የሚመጡትን ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ብዙ ዜሮ ተደርድሮ በ5 ሲያልቅ ፕሮሰሱ ያልተፈቀደለትን የሜሞሪ ቦታ ነክቷል ማለት ነው። በ6 ሲያልቅ ደግሞ የሚፈልገውን ከዲስኩ አንብቦ ማምጣት አቅቶታል፤ እንግዲህ ሃርድ ዲስኩን ወይም ኬብሉን ጠርጥሩ። ሲስተም በሚለው ክፍል ቁጥር 41 ካለ ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቷል። ከዲስክ ስም ጋር ቁጥር 7 ከመጣ ዲስኩ ላይ የማይነበብ ቦታ አለ። ይህ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ ጠጋኙ አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ ይደመስሰዋል።

መዝገቡን የምናነብበት ሕግ አለኝ፤ ተለማማጆቼም በቃላቸው ይዘውታል። የሚሞተው ሁልጊዜ አንድ ፕሮሰስ፣ ሞጁሉም አንድ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ሶፍትዌር ነው። ለምሳሌ የኅትመት ስፑለሩ ብቻ የሚወድቅ ከሆነና ሁሌም የፕሪንተሩ ሞጁል ስም ካለበት የፕሪንተሩን ድራይቨር አውጥቶ ትክክለኛውን መጫን ነው፤ ዊንዶውሱ ምን አደረገ? ሰኞ ኤክስፕሎረር፣ ማክሰኞ ሰርቪስ ሆስት፣ ሐሙስ ብሮውዘሩ የሚሞት ከሆነ፣ ሞጁሉም በየቀኑ ሌላ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩን ተዉት። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይበላሽም። ሁሉም የሚጋሩት ነገር ነው የተበላሸው፤ እሱም ራሙ፣ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ማዘርቦርዱ ነው። እዚህ ላይ ሰርቪስ ሆስት ብዙ ሰው ያሳስታል። በቆዩት ዊንዶውሶች በአንድ ሰርቪስ ሆስት ውስጥ ብዙ አገልግሎቶች ተጠቃለው ስለሚሠሩ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም ነው፣ በቂ ራም ባለው ማሽን ላይ እንዲለያዩ የተደረገው። ስለዚህ በዊንዶውስ 7 ላይ «ሰርቪስ ሆስት ነው የሞተው» ያለ ጠጋኝ ገና ምንም አልተናገረም፤ ሞጁሉን ይንገረን።

«ታዲያ ፎርማት ሲደረግ ለምን ይሻለዋል?» ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። ይሻለዋል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ጭነት የለበትም። ከራሙ ትንሽ ቦታ ይዞ ይሠራል፤ የተበላሸችው የራም ክፍል ባልተያዘው በኩል ከሆነች የሚነካት የለም። ቀስ በቀስ ፕሪንተሩ፣ አንቲቫይረሱ፣ የአማርኛ መጻፊያው ይጫናሉ፤ ጸሐፊዋ ፌስቡክና ዩቲዩብ ከፍታ መሥራት ትጀምራለች። ራሙ ይሞላል፤ የታመመችው ቦታ ትነካለች፤ ሣጥኑ ይወጣል። ዲስኩም እንደዚያው ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የሚደረገው ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያድሰው፤ የዲስኩን ገጽ አይመረምርም። ፋይሎቹ ለጊዜው ጤነኛ ቦታ ላይ ስላረፉ ብቻ ጠጋኙ ይመሰገናል።

የፋሲል ግቢን ታሪክ የሚያውቅ ጎንደሬ ሳይመረምሩ መጠገን የሚያስከትለውን ለመረዳት አይቸገርም። በኖራ የተሠሩት ግንቦች በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ ኋላ ወደ ኖራው ለመመለስ ብዙ ተደክሟል።

ፎርማት ማድረግ እንዴት ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ። በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ብላስተር የተባለው ዎርም፣ በ2004 ደግሞ ሳሰር የሲስተም ፕሮሰሶችን እየጣሉ ኮምፒውተሩ በ60 ሰከንድ ይዘጋል የሚል ቆጣሪ ያመጡ ነበር። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ኮንፊከር መጣ፤ ኋላም በፍላሽ መዛመት ጀመረ። የዚያ ዘመን ጠጋኝ የቆጣሪውን ሣጥን ባየ ቁጥር ሲዲውን ከኪሱ ያወጣ ነበር። ያኔም ቢሆን ትክክል አልነበረም። ማይክሮሶፍት ዎርሞቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ መዝጊያ አስቀድሞ አውጥቶ ነበር፤ ኮንፊከር የተጠቀመበት ቀዳዳ እንኳ ጥቅምት 23 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ተደፍኗል። መዝጊያው ያልተጫነበት ኤክስፒ ፎርማት ተደርጎ ኔትወርክ ላይ ሲሰካ መልሶ ይያዛል። ከዚያ ዘመን ወዲህ የተለወጠው ሲዲው በፍላሽ መተካቱ ብቻ ነው።

«ማሽኑ አርጅቷል፣ ዊንዶውሱም አርጅቷል» የሚለውም ሰበብ አይመቸኝም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. መቆሙ እውነት ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር ለሚውል ማሽን አደጋ ነው። ትናንት ደኅና የነበረን ፕሮሰስ ዛሬ የሚገድለው ግን የድጋፍ ማብቂያ ቀን አይደለም።

ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አውቅ ነበር። ሬዲዮ ይዞ የመጣውን ሰው መጀመሪያ ያስቀምጡትና «ጠዋት ነው የሚጠፋው ማታ? ስንት ሰዓት ከሠራ በኋላ? ድምፁ እየደከመ ነው ወይስ ድንገት?» እያሉ ይጠይቁታል። ሰውየው ካላወቀ «ሂድና ሰምተህ ና» ብለው ሬዲዮውን ይመልሱለታል። ኩራተኛ ናቸው ይባሉ ነበር። ጠግነው ሲጨርሱ ቀኑን፣ የተቀየረውን ዕቃና ምክንያቱን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ክዳኑ ውስጥ ይለጥፋሉ፤ የወጣውን ዕቃ በላስቲክ ጠቅልለው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ጽሑፋቸው እንደ ደብተራ ጽሑፍ ጥንቅቅ ያለ ነበር። ሲስተም ዩኒት ከፍቼ እንዲህ ያለ ወረቀት ባገኝ የጻፈውን ሰው ፈልጌ ቡና እጋብዘው ነበር፤ የማገኘው ግን የጠጋኙን ስልክ የያዘ ስቲከር ነው።

ከሳቸው በኋላ ያየሁት ሌላው ጌታ ደባርቅ የነበረ፣ በካፓሲተር የተካነ ሰው ነው። ክዳኑን እንደከፈተ ማዘርቦርዱን በባትሪ መብራት አግድም ያየዋል። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ወደ ላይ ያበጡትን ካፓሲተሮች፣ ከሥራቸው ቡናማ ያንጠባጠቡትን በጣቱ እየነካ ይቆጥራል። ይህ የሱ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተመረቱ ብዙ ማዘርቦርዶች በመጥፎ ካፓሲተር ተመተዋል፤ ዴል እንደ ጂኤክስ 270 ላሉት ኦፕቲፕሌክሶቹ በ2005 እ.ኤ.አ. 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ይዟል። ያ ሰው ፓወር ሰፕላይ የሚለካው ማሽኑ ሥራ በበዛበት ሰዓት ነበር። ባዶውን 12 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ሲመጣበት ከ11.4 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ከወረደ አለቀለት። መብራቱ በሄደና በመጣ ቁጥር ያለ ስታብላይዘር የሚደበደብ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እንዲህ ሳይታወቅ ነው የሚደክመው።

ለራም ያለኝ ሕግ ከዚህም የከረረ ነው፦ ሌሊቱን በራም መፈተሻው በሜምቴስት ሲፈተሽ ያላደረ ራም አልተፈተሸም። በአሥር ደቂቃ «አልፏል» የሚል ሰው ቸኩሏል። አንዲት ቀይ መስመር ከወጣች ራሙ ወድቋል፤ «አንድ ብቻ ነው» የሚል ክርክር አልሰማም። ሌሊት መብራት ስለሚሄድ ዩፒኤስ የሌለው ጥገና ቤት ይህን ፈተና ሊጨርስ አይችልም፤ ስለዚህ ጥገና ቤት ስትመርጡ ከሚያብረቀርቀው ማስታወቂያ በፊት ዩፒኤሱን ፈልጉ።

አሁን አሁን ተለማማጆች የሚፎካከሩት በፍጥነት ነው። «እኔ በ20 ደቂቃ ጫንኩት» ይላል አንዱ፤ ሌላው ያጨበጭባል። መጫኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚሠራው።

ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ ማሽን ወደ ጎንደር የምትልኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ሲስተም ዩኒቱ በመኪና ሲንገጫገጭ ይመጣና ላልቶ የነበረው ራም ወይም ኬብል ቦታውን ይይዛል፤ ማሽኑ ጎንደር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ጠጋኙ «ምንም የለበትም» ይልና ባዶ እጁን ላለመመለስ ፎርማት አድርጎ ይልከዋል፤ መመለሻው ላይ እንደገና ይላላል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት በተለያየ ቀን የወጡትን የ1000 ቁጥር ገጾች በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም አስቀድማችሁ ላኩለት። ፎቶዎቹን አይቶ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቃችሁ «አምጡት» ካለ ማሽኑን ለሌላ ሰው ላኩት።