ከኪስ የወጣ ፊልም

ጃፓናዊው ካዙሂሮ ሶዳ ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ስክሪፕት አይጽፍም፣ አስቀድሞ ጥናት አያደርግም፣ ካሜራውንም የሚይዘው ራሱ ነው። ተራኪ ድምፅ የለም፤ ሙዚቃ የለም። ወጪውን ከኪሱ መሸፈንን ደግሞ ከሥራ ደንቦቹ አንዱ አድርጎታል። ፕሮዲውሰሯ ባለቤቱ ኪዮኮ ካሺዋጊ ናት።

አሠራሩ ይበልጥ ያማረበት ኡሺማዶ ላይ ነው ባይ ነኝ። ኡሺማዶ በኦካያማ ግዛት፣ በሴቶ ባሕር ዳር የምትገኝ፣ ወጣቶቿ እየለቀቁ አዛውንቶቿ የቀሩባት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ኢንላንድ ሲ» ሰማንያን ያለፉ አጥማጅ ብቻቸውን በጀልባ ይወጣሉ፤ መረቡን ይስባሉ፤ የተጠላለፈውን ዓሣ አንድ በአንድ ይፈታሉ። ካሜራው አይቸኩልም። ከዚያ ዓሣው ወደ ጨረታ፣ ከጨረታ ወደ አንዲት እናት ሱቅ፣ ከሱቅ በመኪናቸው ወደ ደንበኞች ደጅ ይሄዳል፤ ትርፍራፊው ለሰፈሩ ድመቶች ነው። የከተማዋ ኢኮኖሚ እንዳለ እዚህ አለ። ባለሙያ ተቀምጦ ቢያብራራልን ግማሻችን እናንቀላፋ ነበር።

ገንዘብ ያለው ቡድን መብራትና ድሮን ይዞ ቢመጣ ሰዉ ለካሜራ ይዘጋጃል። እነ ሶዳን ግን ሰዉ እንደ እንግዳ ያወራቸዋል፤ እንዲያውም አንዲት አዛውንት ኑ ተከተሉኝ ብለው ኮረብታ ላይ ይዘዋቸው ይወጣሉ፤ ፊልሙም አብሯቸው ይሄዳል።

ለነገሩ «ኢንላንድ ሲ» ራሱ የታሰበ ሥራ አልነበረም። ሶዳ በ2013 እዚያው ከተማ ስለ ኦይስተር ማቀነባበሪያና ከቻይና ስለሚመጡ ሠራተኞች ሲቀርጽ፣ በመሐል በመሐል የያዘው ነው።