ጎጆውና ማደሪያው፦ የዋድላ ቅኔ ቤት ለዛሬው የአዳሪነት ኑሮ ያለው ትርጉም

የተማሪዎች ማደሪያ በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በአልጋ ቁጥር፣ በውኃና በምግብ ወጪ ነው። ነዋሪዎቹ አብረው በማደራቸው ምን እንደሚማማሩ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በሰሜን ወሎ ይህ ጥያቄ ሊዘለል አይገባም። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተካሄደው ጦርነት ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል። የፈረሰው ሲጠገን ሕንፃው ብቻ ይጠገናል ወይስ የአዳሪነቱ ኑሮ ጭምር?

ለዚህ ጥያቄ መመዘኛ የሚሆን ነባር አብነት በዚያው ምድር ይገኛል። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ መፍለቂያ ነው። ቅኔ ቤት «ቤት» ይባል እንጂ በአንድ መምህር ዙሪያ የተቀለሱ ጎጆዎች መንደር ነው። ተማሪው ቀን ጸጥ ካለ ሥፍራ ተቀምጦ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ነግሮ ይታረማል። መምህሩም በበኩሉ ቅኔ እየዘረፈ ያሰማል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ባለ ሦስት ቤቶቹን ዘአምላኪየንና ሚ በዝኁን፣ ባለ አምስቱን ዋዜማ፣ ባለ ስድስቱን ሥላሴ አልፎ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ስለዚህ የተማሪው ደረጃ የሚታወቀው በቆየበት ዘመን ሳይሆን ባቀረበው ሥራ ነው። አስነጋሪውም ራሱ ተማሪ በመሆኑ፣ ታናሹን ሲያርም የራሱን ዕውቀት ያጠናል።

ይህ አኗኗር የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ወልዲያን፣ መርሳንና ሀብሩን ባቀፈው በቀድሞው የጁ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የታወቀው ዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበር። በወሎ እንዲህ ባሉ ሥፍራዎች ደረሶች ከሼኩ ዘንድ እያደሩ ኪታብ ይቀራሉ፤ መንዙማም በጉባኤ ሲዜም ሰምተው በቃላቸው ይይዛሉ። በሁለቱም ወገን ማደሪያውና ጥበቡ አልተለያዩም።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ማሞገስ ብቻ ሒስ አይሆንም። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ሲለምን ለትምህርቱ የሚሆነው ጊዜ ይባክን ነበር። በረኀብና በበሽታ የቀረው ስንት ባለ አእምሮ እንደሆነ የሚቈጥር አልተገኘም። ሴቶችም ከጉባኤው ርቀው ኖረዋል፤ በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በቅኔ መምህርነት መታወቃቸው ችሎታው እንዳልጎደለ፣ በሩ ግን ጠባብ እንደነበረ ያሳያል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ የዛሬው ማደሪያ ታላቅ ሸክም አቅልሏል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ክፍያውን ወደ ምረቃ ማግሥት በማስተላለፉ፣ የድኻ ልጅ ሳይለምን አድሮ ይማራል፤ ሴት ተማሪም የራሷ አልጋ አላት። ነገር ግን ትምህርቱ በክፍል፣ እንቅልፉ በማደሪያ ተብሎ ከተከፈለ፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የጻፈውን የሚሰማለት ሰው ሳያገኝ ሊመረቅ ይችላል። ፈተና የሚያርመው መልስን ነው፤ ድርሰትን የሚያበስለው ግን ደጋግሞ የሚሰማ ጆሮ ነው።

መድኃኒቱ ጎጆ መቀለስ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። በወልዲያ፣ በዩኒቨርሲቲውም ሆነ በመምህራን ትምህርት ኮሌጁ፣ በወንዶችም በሴቶችም ማደሪያ አንዳንድ ክፍል ለንባብና ለድርሰት ቢለይ፣ የላይኛው ዓመት ተማሪ የታችኛውን እንዲያስነግር ቢመደብ፣ ይህም ድካሙ በትምህርት ክፍሉ ዘንድ ቢቈጠርለት ጅምሩ በቂ ይሆናል። ቅኔውም መንዙማውም በአንድ ጉባኤ ቢሰሙ ደግሞ የወሎ ልጅ የጎረቤቱን ጥበብ እንደ ራሱ ያውቃል። ነገ በየገጠሩ ድርሰት የሚያስተምረው መምህር፣ የራሱ ድርሰት ሲደመጥና ሲታረም ያደረ መሆን ይገባዋል።