ይናገር ይሆን?

ከይጁቤ ወደ ታች፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ቀበሌ አንዲት እናት በእግራቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ክስ እንድጽፍላቸው ነው። ባላቸው ሲሞቱ የቀረላቸው ጥሪት የጓሮ ባሕር ዛፍ ነበር፤ አንድ ሌሊት ተጨፍጭፎ አደረ።

«እናቴ፣ ሲቆረጥ ያየ ሰው አለ?» አልኋቸው።

«ያላየ ማን አለ ልጄ! የሚናገር ነው የጠፋው።»

ቀን ማመልከቻ፣ ማታ ልብ ወለድ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የችሎት ታሪክ ለምን ልብ ሰቅሎ እንደሚይዝ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማሩኝ ግን እኒህ እናት ናቸው።

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጥያቄው «ማን አደረገው?» ነው። በአማርኛ እነ ይልማ ሀብተየስ ያስለመዱን ይህንኑ ነው፤ እኔም ፍንጭ ስለቅም ያደርሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ሰው ጎረቤቱን በማያውቅበት ከተማ ጥያቄው ይሠራል። በገጠር መንደር ግን የማን ውሻ በየት በኩል እንደ ጮኸ ሳይቀር ይታወቃል። ጭንቁ የታወቀውን በመሐላ ማስረዳቱ ላይ ነው። አንባቢን እንቅልፍ የምትነሣው በማወቅና በማስረዳት መካከል ያለችው ያቺ ጠባብ ቦታ ናት።

አባቶቻችን ያውቋት ነበር። በአፈርሳታ ጊዜ አገር ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እርሻው ሳይታረስ ቀኑ ይመሻል፣ ሁሉም የጎረቤቱን አፍ ይጠብቃል። በበላ ልበልሃ ሙግትም ከሳሽና ተከሳሽ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ፣ ቤት እየመቱ ሲከራከሩ ጉዳዩ የማይመለከተው መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ይሰማል። ይጁቤ ደግሞ የጥንቱ የባሶ ገበያ አገር ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩ በኩል የሚሻገሩ ሲራራ ነጋዴዎች ቡናና የዝሆን ጥርስ ያወርዱባት ነበር፤ እንዲህ ያለ ገበያ ባለበት ሙግት አይጠፋም።

የልቤ ደራሲም ከዚሁ አካባቢ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወለደ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ክፍሉ ሲያልቅ የሚቀጥለውን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የሰማው ሁሉ ያስታውሳል። እኔን እንደ ጸሐፊ የነቀነቀኝ ግን የ1974ቱ መጽሐፉ ርእስ ነው፦ «ወንጀለኛው ዳኛ»። ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ የማይገባቸው። ገና ሽፋኑ ሳይገለጥ ክሱ ተከፍቷል።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «ጭብጥ» የምንለው ቃል ችሎትም ውስጥ አለ። ዳኛው የሁለቱን ወገን ክርክር ሰምቶ ጭብጥ ይይዛል፦ ዛፉን የቆረጠው ተከሳሹ ነው ወይስ አይደለም? ልብ ወለዴ አልሄድ ሲለኝ እኔም እንደዚያ በአንድ መስመር ልጽፈው እሞክራለሁ። ካቃተኝ ታሪኩ ገና ጥሬ ነው ማለት ነው።

ጆን ግሪሸም ደራሲ ከመሆኑ በፊት በሚሲሲፒ ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ «ኤ ታይም ቱ ኪል»፣ አንባቢው የሚጠብቀው የ12 ተራ ሰዎችን ፍርድ ነው። እኛ ጁሪ የለንም፤ ያን ቀድቶ አማርኛ ላይ መለጠፍ አይዋጥልኝም። የራሳችን ልብ ሰቀላ አለን። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 እና 142 ያነበበ ሰው ያገኘዋል፦ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያበቃ ዳኛው ወይ ተከሳሹን በነፃ ያሰናብታል፣ ወይ «ይከላከል» ይላል። ያቺን አንዲት ቃል ለመስማት የሁለት ቤተሰብ ዘመድ አዝማድ ትንፋሹን ውጦ ሲቆም አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጠሮ ነው። የእናታችን ጉዳይ ለችሎት ሲቀርብ፣ አይቷል ተብሎ የተጠራው ምስክር በመጀመሪያው ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። ደራሲ ቢሆን ምዕራፉን እዚያ ላይ ይዘጋው ነበር። «ይናገር ይሆን ልጄ?» አሉኝ ነጠላቸውን እያጣፉ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በዚያ መካከል እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከምስክሩ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተገናኙ። ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለላቸው፤ እሳቸውም ስለ ልጆቹ ጤና ጠየቁት። ስለ ዛፉ አንዳቸውም አላነሡም። ሲለያዩ ግን፣ ይላሉ እናታችን፣ ቆቡን መልሶ ማድረግ ረስቶ በእጁ እንደያዘ ሄደ።

ይህን ምስክር የመጠበቅ ጭንቅ በልብ ወለዴ አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ጠበቃው ሦስት ገጽ ሙሉ የሚያነድድ ንግግር ያደርግ ነበር፤ ሰረዝሁት። በሁለተኛው ምስክሩን የሚያስፈራራ ሰው በሌሊት አስመጣሁ፤ እሱንም አወጣሁ። በአራተኛው የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍና በእጅ የተያዘው ቆብ ብቻ ነው።

በቀጠሮው ቀን እናታችን ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ ፍርድ ቤት ደረሱ። ስለ ዳኛውም ስለ ተከሳሹም አልጠየቁኝም።

«መጥቷል?» አሉ።

መጥቷል። ከሁሉም ቀድሞ፣ ግንቡ ሥር ተቀምጦ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።